ያንተን ካዩ የኔን አይተዋል

ጎረቤቲቱ ጃንጥላዋን አጥፋ ቀና ስትል ዓይኗ ታናሹ ላይ አረፈ። ጮኸችና ግድግዳ ተደግፋ ቀረች።

"እኔ ነኝ፤ ታናሹ ነኝ" አላት ተነስቶ እየደገፋት።

ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሁሉ እንዲህ ይሆን ነበር። የሞተው መንትያው ነው፤ መልካቸው አንድ ነው። ታላቁ "ታላቁ" የተባለው ትንሽ ቀድሞ ስለተወለደ ብቻ ነበር።

"ምነው ጓዳ ብትቀመጥ?" አለችው የታናሹ ሚስት በጆሮው። "ሰው እየደነገጠ ነው።"

"እሺ፣ ፊቴን የት ላድርገው?"

ሊገባ ሲል ግን እናቱ እጁን ያዘችው። "የትም አትሂድ። እዚሁ ልይህ።"

ወንድማማቾቹ አብረው ጎሚስታ ነበራቸው። ደንበኛ ግራ ተጋብቶ "አሁን እዚያ ጋ አልነበርክም እንዴ?" ሲለው ታላቁ "ፈጣን ነኝ፤ ምን ላድርግ?" ይል ነበር። ከዓመታት በፊት ታናሹን ጨጓራው እንቅልፍ ሲነሳው ሐኪሞች ሆድ ዕቃውን በቱቦ አዩለት፤ ባክቴሪያ ተገኘበት፤ መድኃኒቱን ጨርሶ ዳነ። "አንድ ቤት ነው ያደጋችሁት፤ ወንድምህም ይመርመር" አሉት። ታላቁ ጎማ ውሃ ውስጥ ነክሮ ቀዳዳ እየፈለገ ነበር፤ ሳቀ።

"ያንተን ካዩ የኔን አይተዋል። አንድ ፋብሪካ አይደል የሠራን?"

ታናሹ ለመነው፣ ተቆጣውም። ታላቁ ምንም አላመመኝም አለ፤ እውነቱን ነበር። ሲያመው ግን አንዴ ነው፤ ምግብ አልወርድ አለው፣ ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም አለ።

ሆስፒታል ሲሄዱ ሐኪሟ ሁለቱንም አስቀምጣ አስረዳቻቸው። ባክቴሪያው ጨጓራን ለዓመታት ሲያቆስል፣ ሰውነት ቁስሉን ለመሙላት ሴሎችን ያባዛል። ሴል ያለ ልክ እንዳይባዛና የካንሰር ዕጢ እንዳይሆን የሚያቆሙ ጂኖች አሉ፤ እንደ ፍሬን ማለት ናቸው። በዚያ ሁሉ መባዛት መሃል ፍሬኑ የሚበላሽበት ጊዜ አለ። ብዙ ሰው ባክቴሪያውን ተሸክሞ ምንም ሳይሆን ይኖራል። የታላቁ ፍሬን ግን ተበላሽቷል።

"እኔ ጎማ ብቻ ነው የምሠራው" አለ ታላቁ። "ፍሬን አልነካም።"

ሐኪሟ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ደግሞ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ከሰዓት በኋላ ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ሁለት አክስቶች ሻይ ይዘው ያንሾካሹካሉ። "የዘር ነው አሉ። መንታ ደግሞ ደሙ አንድ ነው። ይኸኛውም..."

እናት ሰማች። ከቀብሩ ወዲህ እህል አልቀመሰችም።

"ልጄ፣ አትደብቀኝ። ከኔ ደም ነው?"

"አይደለም እማዬ። ደሙንም ዕጢውንም መርምረዋል። ስንወለድ ሁለታችንም ደህና ነበርን። የእሱ ጂን ኋላ ላይ ነው ጨጓራው ውስጥ የተበላሸው። ምክንያቱ ባክቴሪያው ነው፤ እኔ ታክሜ ድኛለሁ።"

እናት በረጅሙ ተነፈሰች። "እስቲ ዳቦ ስጡኝ" አለች። ቤቱ ቀለል አለው።

የሟቹ ልጅ ገና ጥርስ እያበቀለች ነው፤ አያቷ ጭን ላይ ሆና ዳቦውን አይታ ተነጫነጨች። አያቷ ቆረስ አድርጋ በራሷ አፍ ውስጥ ከተተችና ታኝክላት ጀመር።

"እናንተንም እንዲህ ነው ያሳደግኋችሁ" አለች። "ሁለታችሁ እኩል አፋችሁን ስትከፍቱ የቱን ላስቀድም?"

ታናሹ የሐኪሟ ሌላ ቃል ትዝ አለው፤ ለእናቱ ያልነገራት ነው። ባክቴሪያው በአብዛኛው የሚይዘው በልጅነት ነው፣ ብዙ ጊዜም ከቤተሰብ፣ በአፍ በኩል።

"እማዬ፣ አኝከሽ አትስጫት" አለ።

እናቱ ማኘኳን አቆመች። ፊቱን አየችው።

"ከአፌ ነው?"

"አይታወቅም። ከውሃም ይሆናል፣ ከሌላ ሰውም። ማንም ሊያውቀው አይችልም። ብቻ አንቺም ትመረመሪያለሽ፤ በመድኃኒት ይጠፋል።"

እናት ያኘከችውን መሐረቧ ላይ ተፍታ አጣጠፈችው። ከዚያ ሕፃኗን ከጭኗ አንስታ ልታቀብለው ክንዷን ዘረጋች።

ታናሹ አልተቀበላትም። ሕፃኗን መልሶ አያቷ ጭን ላይ አስቀመጠ፤ ዳቦ ቆርሶ ወተት ውስጥ አራሰና በማንኪያ ጨለፈው። ማንኪያውን እናቱ መዳፍ ላይ አድርጎ ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፈላት።