የማክሰኞው መቺ

ዌንደል ኮቫክ በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ከሰባት ቡድኖች ተባርሯል። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ይደብቀው ነበር፤ እሱ ግን የተባረረባቸውን ከተሞች የዘር ሐረጉን እንደሚቆጥር ሰው በኩራት በተራ በተራ ይጠራቸዋል።

እንጀራው የአሜሪካ ፉትቦል ነው፤ ነገሩም እንዲህ ነው። አሥራ አንድ ግዙፍ ሰዎች እየተላተሙና ጭቃ ላይ እየተንከባለሉ ኳሷን ወደ ተቃራኒው ክልል ያደርሷታል። ከዚያ አልሄድ ሲላቸው ዌንደል ንጹሕ ልብሱን እንደለበሰ ከዳር ይገባና በሁለቱ ረጃጅም ቋሚዎች መካከል በእግሩ ይልካታል። ከገባች ሦስት ነጥብ ነው፤ ማንም አያመሰግነውም፣ ሥራው ነዋ። ካልገባች ሌላ መቺ ይፈለጋል። የሊጉ ቡድኖች እሑድ ይጫወታሉ፣ ሰኞ ይናደዳሉ፣ ማክሰኞ መቺ ይፈትናሉ።

በኅዳር ወር በአንዱ ሰኞ ከዱሉት ከተማ ቡድን ስልክ ሲደወልለት ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነበር። ሥራ አጥቶ ዱቡክ ከተማ ውስጥ በተተኪነት ስፖርት ያስተምራል። ርዕሰ መምህሩ በቋሚነት ሊቀጥረው ፈልጎ እስከ ረቡዕ ጠዋት መልስ እንዲሰጠው ነግሮታል። ጡረታ ያለው፣ ክረምቱን የሚያሳርፍ ሥራ ነው። ዌንደል ለሚስቱ ለማርሊን ይህ የመጨረሻው ፈተና እንደሆነ፣ ካላለፈ ወደ ትምህርት ቤቱ እንደሚገባና ዳግመኛ ስለ ኳስ እንደማያነሳ ማለላት። ማርሊን ይህንኑ መሐላ አምናም ካቻምናም መስማቷን አስታወሰችውና ሁለት ወፍራም የሱፍ ካልሲ ቦርሳው ውስጥ ከተተችለት።

ማክሰኞ ጠዋት ሜዳው ላይ የተጠራው ሌላ መቺ አንድ ብቻ ነበር፤ ብሬደን ሎው የሚባል የሃያ ሦስት ዓመት የቴክሳስ ልጅ። ከዱሉት ሐይቅ የሚመጣው ነፋስ ጆሮውን አቅልቶታል። መሬት እንዲህ እንደ ድንጋይ ሲደርቅ አይቶ እንደማያውቅ እየተናገረ፣ እየዘለለ ተጠጋው።

«ጋሼ፣ ልጅ ሆኜ በቴሌቪዥን አይቼሃለሁ።»

«ሳገባ ነው ያየኸኝ ወይስ ስስት?»

«ስትስት።»

«እንግዲያው እኔኑ ነው ያየኸው» አለው ዌንደል።

ለእያንዳንዳቸው አሥራ ሁለት ምት ተሰጣቸው። አንዱ ተጫዋች አጎንብሶ ኳሷን በእግሮቹ መሐል ወደ ኋላ ይወረውራል። የቡድኑ ኳስ አቋሚ አምብሮስ ታትል ደግሞ ተንበርክኮ ይቀበልና መሬት ላይ በአንድ ጣቱ ያቆማታል። ሲያቆማትም ስፌቷን ወደ ቋሚዎቹ ማዞር አለበት፤ ስፌቱ ወደ መቺው ከዞረ እግር ያገኘውና ኳሷ ትጣመማለች። ይህ ሁሉ ሰው አንዴ እስኪያስነጥስ ያልቃል።

ብሬደን አሥራ አንዱን አገባ። የእግሩ ድምፅ ብቻ እንደ መድፍ ነበር። ዌንደል አሥሩን አገባ። ከሳታቸው ሁለት ኳሶች አንዷ የራሱ ጥፋት ነበረች። ሌላዋ ላይ ግን የአምብሮስ ጣቶች በብርድ ደንዝዘው ስፌቱን ሳያዞረው ቀረ፤ ኳሷም ወደ ቀኝ ተጣመመች። ወረቀት ይዞ የቆመው አሰልጣኝ ሀጋርቲ ምን እንደሆነ ሲጠይቅ ዌንደል «የኔ ነው» ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። ብሬደን የሳታት አንዲት ኳስም እንደዚያችው የተበላሸች ነበረች። ልጁ ግን ወደ አምብሮስ ጠቆመና ስፌቱ አለመዞሩን ተናገረ። እውነቱን ነው፤ አንድ ቃል አልዋሸም። አምብሮስ አቀርቅሮ እጁን በትንፋሹ ማሞቅ ያዘ።

የዌንደል «የኔ ነው» ከደግነት የመጣ አይደለም። በሁለተኛ ከተማው፣ ገና ለጋ ሳለ፣ የሳታትን ኳስ ባቆመለት ሰው አሳብቦ ለጋዜጠኞች ተናግሮ ነበር። ያ ሰው አልተቆጣም፤ ከዚያ በኋላ ኳሷን አስተካክሎ ያቆምለት ነበር፣ ግን የውድድር ዘመኑ እስኪያልቅ አንድ ቃል አላናገረውም። ዌንደል የዚያን ዝምተኛ ሰው ጀርባ ባየ ቁጥር እርምጃው እየጠፋበት አምስት ኳስ ሳተ፤ ተባረረም። በመቺዎች ዘንድ የሳተ ሁሉ የመቺው ነው፤ እሱ ይህን የተማረው ከፍሎ ነው።

አሰልጣኙ አምብሮስን ለብቻው ወሰደው። ነፋሱ ወሬያቸውን እያነሳ ወደ ዌንደል ያመጣለት ነበር። አምብሮስ ልጁ የተሻለ እንደሚመታ፣ ይህ እንደማያከራክር፣ ለሽማግሌው ሲያቆም ግን እጁ እንደሚረጋጋ አስረዳ። አሰልጣኙ የሚፈልገው ነጥብ እንጂ የአምብሮስ እጅ መረጋጋት እንዳልሆነ ነገረው።

«ኮች፣ ከዚህ ወዲያ ያሉን ጨዋታዎች በሙሉ በብርድ ናቸው» አለ አምብሮስ። «ይሄ እጅ መድረቁ አይቀርም። በተበላሸች ኳስ ፈትናቸው፤ ከዚያ የፈለግከውን ውሰድ።»

አሰልጣኙ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ከአርባ ያርድ ርቀት አንድ አንድ ምት እንዲመቱ፣ አምብሮስም ሆን ብሎ ኳሷን አጣሞ፣ ስፌቷን ወደ መቺው አድርጎ እንዲያቆም አዘዘ።

ብሬደን ሮጠ፤ ኳሷን ሲያይ እግሩ አመነታና መሐል መንገድ ላይ ቆመ። ይቅርታ ጠይቆ እንዲደግም ተፈቀደለት። በሙሉ ኃይሉ መታት፤ ኳሷ እንደ ተወረወረ መጥበሻ እየተሽከረከረች ከቀኙ ቋሚ ውጪ አለፈች።

የዌንደል ተራ ደረሰ። የዱቡክ ትምህርት ቤት በር ወለል ብሎ ታየው። በሦስተኛ ከተማው ያቆምለት የነበረው ሰው አውራ ጣቱ ተሰብሮ በፋሻ ተጠቅልሎ ነበር። በአምስተኛው ከተማ ደግሞ ኳሷን የሚፈራ ሰው ነበር የተመደበለት፤ ሳትቆም የሚለቃት። ሰባት ከተማ፣ ሰባት ዓይነት እጅ ነው ያሳለፈው። እርምጃውን አሳጠረ። ወደ ቀኝ መጣመሟ ስለማይቀር ወደ ግራው ቋሚ አነጣጠረ፤ ዝቅ አድርጎ፣ ሳይቸኩል መታት።

ኳሷ እንደ ሰከረ ሰው እየተንገዳገደች ወጣች። መንገድ ላይ ሐሳቧን የቀየረች መሰለች፤ ወደ ቀኝ ዞረች፣ የቀኙን ቋሚ የውስጥ ጎን መታችና ወደ ውስጥ ወደቀች።

«ይሄ ምን ዓይነት አስቀያሚ ነገር ነው?» አለ አሰልጣኙ።

«ኮች፣ ለቆንጆዋም ሦስት ነው የሚሰጡት» አለ ዌንደል።

መጀመሪያ የሳቀው ብሬደን ነበር። ቀርቦም የት እንዳነጣጠረ ጠየቀው። ዌንደል ነገ ከነገ ወዲያ ይኸው ልጅ በሌላ ማክሰኞ እንደሚገጥመው እያወቀ በእግሩ መሬቱን እየጫረ ሁሉንም አሳየው።

ውሉን ከፈረመ በኋላ ለማርሊን ደወለ።

«ገባሁ» አላት።

«እስከ መቼ?»

«እስከ እሑድ።»

«ለርዕሰ መምህሩ አንተ ትነግረዋለህ ወይስ እኔ ልንገረው?»

«ምን ትይዋለሽ?»

«ሰባት ጊዜ ተባርሮ ያልተማረ ሰው ልጆችህን ምን ያስተምርልሃል እለዋለሁ» አለችና ሳቋ አመለጣት። ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ለእሑዱ ጨዋታ ሁለት ትኬት እንዲያስቀምጥላት፣ አንዱ ለእናቷ መሆኑን ነግራ፣ ነፋስ የማይነካው ቦታ እንዲመርጥ አዘዘችው።

ሜዳው ላይ አምብሮስ እጁን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ እየጠበቀው ነበር።

«አጣምሜ ላቁማት ወይስ አቃንቼ?» አለው።

«እንደመጣልህ» አለ ዌንደል፤ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ ቆመ።