ያልተሰበሰበ ሰው ሌባ አይሆንም

በዳንግላ የጎልማሶች ትምህርት ክፍል እሁድ ከቀትር በኋላ ሠላሳ ሁለት ሰው ይሰበሰብ የነበረው በፊደል ፍቅር ብቻ አልነበረም። መምህር አየነው ትምህርቱ ሲያልቅ የባትሪ ራዲዮኑን ጠረጴዛው ላይ አቁሞ የወንጀል ድራማ ያሰማን ነበር። በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ አዲስ ወንጀል፣ አዲስ አገር፣ አዲስ ሰዎች ይመጣሉ። በመጀመሪያው ዓመት የወፍጮ ቤቱን ዘበኛ ማን እንደ ገደለው ስንከራከር ከረምን። በሁለተኛው ዓመት የጠፋውን የርስት ሰነድ ስንፈልግ ባለጋሪው ደሴ ፈረሱን ውሃ ማጠጣት ረሳ።

ሦስተኛው ዓመት ግን አሳፈረን። መርማሪው ስድስት እሁድ ሙሉ በመኪና ሲዞርና ሲጋራ ሲለኩስ ቆየ። በሰባተኛው እሁድ ሌባው ተያዘ ተባለ። ከባሕር ማዶ በአውሮፕላን የመጣ፣ እስከዚያች ቀን ስሙ ያልተነሣ ሰው ነው።

«ይሄማ በእኛ ላይ መቀለድ ነው» አለች ጌሾ ነጋዴዋ ካሳነሽ። «አውጫጭኝ ላይ ያልተቀመጠ ሰው እንዴት ሌባ ይሆናል?»

እውነቷን ነው። በእኛ አገር ከብት ሲሰረቅ የአካባቢው ሰው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ሌባው እስኪታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። በስውር የሚጠቁመውን ሰው «ወፍ» እንለዋለን፤ ማን እንደሆነ ከሽማግሌዎቹ በቀር የሚያውቅ የለም። ሌባው ግን ምን ጊዜም ከተቀመጡት አንዱ ነው።

በሚቀጥለው እሁድ አሥራ ዘጠኝ ሰው መጣ። ከዚያ አሥራ አንድ፣ ከዚያ ሰባት። መምህር አየነው ፊቱን አጥቁሮ አንድ ደብዳቤ አነበበልን። ከአራት እሁድ በኋላ ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ ሃያ ተማሪ ካላገኘ ክፍሉ ይዘጋል።

ያን ሰሞን እህል አልበላ አለኝ። ልጄ ውብአየሁ ጎንደር ነርስነት ትማራለች። ደብዳቤዋን የሚያነብልኝ ጸሐፊ ሁለቱን ገጽ «ደኅና ነኝ ትላለች» ብሎ ይጨርሰዋል። ሁለት ገጽ ሙሉ ደኅና ነኝ የሚል ሰው አለ? አሟት ይሆን? ርቧት ይሆን? እኔ የመጽሐፉን ፊደል ለይቻለሁ፤ የእጅ ጽሕፈት ግን ገና አልገባኝም። ክፍሉ ከተዘጋ እዚያው ላይ መቅረቴ ነው።

«ራዲዮኑን እኔ አልጻፍሁት፣ ምን ላድርግ?» አለ መምህሩ።

«እኛ ብንጽፍስ?» አልሁት። ከአፌ እንደ ወጣ ደነገጥሁ።

በሥራ ቀን እዚያው የሚማሩት ልጆች የማይጠቀሙበትን የኋላውን ሰሌዳ ሰጠኝ። አምስት መስመር ለመጻፍ ሳምንት ሙሉ ፈጀብኝ። እንዲህ ይል ነበር፦

«በጥር ጊዮርጊስ ዋዜማ አበረ ማልዶ ተነሣ። ፈረሱ በጋጣው የለም። ኮርቻው ተሰቅሏል። አበረ እየጮኸ ባዶ እጁን ወጣ። እስከ ዘንገና ሐይቅ ድረስ ሲፈልግ ዋለ።»

ከሥር አበረን፣ ሚስቱን፣ የሚስቱን ወንድምና ኮርቻ ሠሪውን ዘረዘርሁ። ሌባው ከአራቱ አንዱ ነው፤ ሌላ ሰው አይመጣም ብዬም ጻፍሁ። ሕጉ አንድ ነው፤ ማንም ለማንም አያነብም።

ወሬው ገበያ ገባ። ደሴ ጋሪውን አጠገቤ አቆመ።

«እትዬ ማናለብሽ፣ ፈረሱን ማን ወሰደው? በጆሮዬ ንገሪኝና እስከ አዲስ ቅዳም ከተማ በነፃ ላድርስሽ።»

«ሰሌዳው ላይ አለልህ፣ አንብብ።»

«እኔ ፈረስ እንጂ ፊደል መንዳት አልችልም።»

«እንግዲያ ፈረስህ ያንብብልህ።»

በሚቀጥለው እሁድ ደሴ ከፊት ወንበር ተቀምጦ አገኘሁት። በሦስተኛው እሁድ ሃያ ሁለት ሰው ሆንን። በአገውኛ ይከራከራሉ፣ በአማርኛ ያነባሉ። በአራተኛው ሃያ ስምንት መጣ፤ ተቆጣጣሪውም ኮቱን ሳያወልቅ ከኋላ ተቀመጠ።

ያን ቀን ሁሉም የሌባውን ስም በብጣሽ ወረቀት ጽፎ የመምህሩ ባርኔጣ ውስጥ እንዲጥል አደረግን። ወፍነቱ በጽሕፈት ሆነ።

«ሰው መሰብሰብና ማስተማር ይለያያል» አለ ተቆጣጣሪው። «እነዚህ ለወሬ የመጡ ናቸው።»

መምህር አየነው ባርኔጣውን ፊቱ አስቀመጠለት። ሰውየው ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ዘረጋ። የሚነበቡት ሃያ ስድስት ነበሩ። አሥራ ሰባቱ ኮርቻ ሠሪውን፣ ስድስቱ የሚስቱን ወንድም፣ ሁለቱ ሚስቲቱን ይላሉ። አንዷ ብቻ «አበረ» ትላለች።

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። «ሰው የራሱን ፈረስ ይሰርቃል?» አለ ደሴ።

ሌባው አበረ ነበር። ሃያ አምስት ሰው ካላየው እኔም እንደ ራዲዮኑ አታልያቸዋለሁ ማለት ነው። አሁን ተነሥተው ቢወጡስ?

ካሳነሽ ከመቀመጫዋ ተነሣች። «ወፍ ራሷን አታወጣም፣ እኔ ግን ልወጣ ነው» አለችና ሰሌዳው ዘንድ ሄዳ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። «አበረ… እየጮኸ… ባዶ… እጁን… ወጣ።» ዞር አለች። «ፈረስ የጠፋበት ሰው ልጓም ሳይዝ ይወጣል? ቢያገኘው በምን ሊያመጣው ነው? በነጠላው?»

ደሴ ራሱን ያዘ። «ባለጋሪው እኔ ሆኜ እንዴት አለፈኝ?»

«አንተማ ስትሮጥ ነው። እኔ እያንዳንዱን ቃል እንደ ድንች እየቆፈርሁ ነው የማወጣው» አለችው ካሳነሽ።

የቀረውን ሰሌዳው ላይ ጻፍሁት። አበረ በጊዮርጊስ በዓል የፈረስ ግልቢያ ሁሉን እቀድማለሁ ብሎ ፎክሮ ነበር። ፈረሱ ሲያነክስበት አፍሮ ጥርባ ከተማ፣ አክስቱ ዘንድ ደበቀው። ያለ መምህሩ እርዳታ ሁሉም በአንድ ድምፅ አነበቡት። መስኮቱ አጠገብ የነበሩ መንገደኞች ቆመው አዳመጡ።

ተቆጣጣሪው መዝገቡን ከፍቶ «ይቀጥል» ብሎ ጻፈ፤ እኔም ከትከሻው በላይ አነበብሁት። ከዚያ ከደረት ኪሱ የታጠፈች ብጣሽ አውጥቶ ቀደዳት።

«ማንን ጽፈው ነበር ጌታዬ?» አለችው ካሳነሽ።

«ኮርቻ ሠሪውን።»

«እንግዲያ እሁድ እሁድ ይምጡ፣ ቦታ እንይዝልዎታለን።»

ሰውየው ሳቀ፤ ግን የሰማው የለም። ቀጣዩን ወንጀል ማን ይጽፋል በሚል ጭቅጭቅ ተነሥቶ አራት እጅ በአንድ ጊዜ ጠመኔውን ከእጄ ይነጥቅ ነበር።