ጆሮ ደግፍ

ዳቦ ጋጋሪው በትዳሩ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሐኪም ቤት ደጃፍ አልረገጠም። ሚስቱ ግን ልጅ ለማግኘት ያልተመረመረችው ምርመራ፣ ያልዋጠችው ኪኒን አልነበረም። አንዴ ማህፀኗ ውስጥ መድኃኒት ረጭተው ራጅ ሲያነሷት ሁለት ቀን ጎብጣ ሰንብታለች። ሐኪሞቹ ባልሽም ይምጣ ባሉ ቁጥር እሱ፣ እኔ ምን ሆኜ፣ እያለ ወደ ሊጡ ይመለስ ነበር። እናቱ ደግሞ ለምራቷ፣ ፍሬ ለሌለው ዛፍ ውሃ ማጠጣት ድካም ነው፣ ትላለች። ምራት ልብስ ሰፊ ናት፤ አንገቷን ደፍታ ትሰፋለች።

አርባ አንድ ሲሞላት ግን ቁርጡን ነገረችው፤ ወይ ትመረመራለህ ወይ እሄዳለሁ። ሄደ። ዘሩን በብልቃጥ ሰጠ፤ ከሳምንታት በኋላም ደገመ። በሁለቱም ጊዜ አንድም የዘር ህዋስ አልተገኘም። ሐኪሙ ዳሰሰውና ቆለጦቹ ማነሳቸውን አይቶ፣ ጆሮ ደግፍ ይዞት ያውቅ እንደሆነ ጠየቀው። በአሥራ አምስት ዓመቱ ይዞት ነበር፤ ከጉንጩ አልፎ ታች ወርዶበት መራመድ አቅቶት እንደነበር ትዝ አለው። ሐኪሙ፣ ከቆለጡ በመርፌ ዘር ፈልጎ ከሚስቱ እንቁላል ጋር ማገናኘት ይሞከራል፤ ግን የእሷም ዕድሜ ገፍቷል፣ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ፣ አለው።

ከዚያ በቀጥታ እናቱ ዘንድ ሄደ። አልካደችም። ያን ጊዜ ያከመው ሐኪም፣ በሽታው ዘሩን ነክቶት ሊሆን ስለሚችል ልጁ ከማግባቱ በፊት ይመርመር ብሏት ነበር።

«እያወቅሽ ነው እሷን እንደዚያ ስትያት የኖርሽው?»

«ልጄን ስልብ ከሚሉት የሰው ልጅ ብትሰደብ ይሻላል ብዬ ነው» አለች።

ማታ ለሚስቱ አንድም ሳያስቀር ነገራት። እናቱን ትረግማለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን የስፌት መኪናዋን አቁማ አየችው።

«እሷስ ለልጇ ብላ ነው። አንተ ለማን ብለህ ነው ዘጠኝ ዓመት አልመረመርም ያልከው?»

በማግስቱ መኪናዋን አሸክማ እህቷ ቤት ገባች።

ወር ሳይሞላ ጎረቤቶች ስለ ምራትየዋ ሲጠይቁ እናቱ፣ መካን ነበረች፣ አለቻቸው። ልጇ ከጎኗ ቆሞ ነበር።

«መካኑ እኔ ነኝ» አለ።

ጎረቤቶቹ መሬት መሬት አዩ፤ እናቱ ወደ ቤት ገባች። ሚስቱ ይህን ሰማች አልሰማች አላወቀም። በዚያው ሳምንት የፍቺውን ወረቀት ላከችለት፤ ዱቄት በነካው እጁ ፈረመ።