ያልረጋው የፓፓያ ማርማላታ

ሌንሳ የተቆረጠ ሎሚ ይዛ ወደ ድስቱ ስትጠጋ፣ ወይዘሮ መሰለች በማማሰያው እጇን ቸብ አደረጓት።

«ድስቴን አትንኪ ብያለሁ!»

ሌንሳ የሰይፈሚካኤል ሚስት ሆና እዚህ ቤት ከገባች ገና ዓመቷ ነው። የተማረችው የምግብ ኬሚስትሪ ነው። አማቷ ግን በብርቱካን ማርማላታቸው አዳማን ያስጨበጨቡ ሴት ናቸው፤ ምክር አይወዱም፤ የእሷን ደግሞ ጭራሽ። አሁን አንድ የላንጋኖ ሆቴል የፓፓያ ማርማላታ ፈልጓል።

«እማማ፣ ብርቱካን የራሱ ኮምጣጣ አሲድ አለው፤ ፓፓያ የለውም። ማርማላታውን የሚያረጋው ፔክቲን እንደ ረጅም ክር ነው። አሲድ ካላገኘ ክሮቹ ይገፋፋሉ እንጂ አይያያዙም።»

«በዚህ ቤት የሚገፋፋው ሌላ ነው!» አሉ ወይዘሮ መሰለች።

በሩ አጠገብ የተቀመጠው ሰይፈሚካኤል ከስልኩ ቀና አላለም።

ሌንሳ ግቢው ውስጥ ለብቻዋ ከሰል አቀጣጥላ በሎሚ ሠራች። የእሷ ረጋ፤ የአማቷ እንደ ሽሮፕ ፈሰሰ። በማግስቱ የሆቴሉ ግዢ ሠራተኛ ፋዲላ መጣች። ወይዘሮ መሰለች የሌንሳን ብልቃጥ አንስተው አቀረቡላት። ፋዲላ በማንኪያ ቆርሳ አየችው፤ ቅርጹን ይዞ ቆመ።

«እንዴት ያምራል! ማን ሠራው?»

«ማን ይሠራዋል? እኔ ነኛ!»

ሌንሳ ባሏን አየችው። እሱም ያውቃል። አንገቱን ደፋ።

ፋዲላ ለቅዳሜ ብዙ ብልቃጥ አዝዛ ሄደች።

«እንደ ትናንቱ አድርገሽ ሥሪው» አሉ አማቷ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

«የሠሩት እርስዎ ነዎት፤ እርስዎ ይድገሙት።»

ልብሷን ሰብስባ ወለንጪቲ፣ እህቷ ዘንድ ገባች።

ዓርብ ሰይፈሚካኤል ደወለ።

«እናቴ ከጠዋት ጀምሮ እያፈላችው ነው። ጠቆረ እንጂ አልረጋም። ሎሚ ልጨምርበት?»

«አልፎበታል። ብዙ ሲፈላ ክሮቹ ይበጣጠሳሉ፤ ከዚያ በኋላ ሎሚም አያድነውም። ድፉትና በአዲስ ፓፓያ ጀምሩ፤ ሎሚውን ግን ቶሎ ጨምሩ።»

«አንቺ ያልሽው እንደሆነ ካወቀች እሺ አትልም።»

«እኔ ያልኩት እንደሆነ ንገራቸው።»

ከወዲያ የአማቷ ድምፅ ተሰማ፦ «ከዚያች ጋር ነው የምታወራው? ዝጋው!»

ዘጋው።

ቅዳሜ የሆቴሉ መኪና ባዶውን ተመለሰ። ወይዘሮ መሰለች ለጎረቤቱ ሁሉ «ድስቴ ላይ አስደግማብኝ ሄደች» እያሉ አወሩ። ወሬው ወለንጪቲም ደረሰ፤ ሌንሳ ስትሰማው ከንዴቷ ብዛት ሳቀች፤ ቆይታ ግን አለቀሰች።

ሰይፈሚካኤል የመጣው ከሳምንት በኋላ ነው። ደጃፉ ላይ ቆማ አነጋገረችው።

«ተናዳ ነው እንጂ እናቴ ክፉ አይደለችም...»

«የእሳቸውን አልጠየቅሁህም። ፋዲላ ማን ሠራው ስትል፣ አንተ ለምን ዝም አልክ?»

ሰይፈሚካኤል ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። አንድ ባጃጅ አለፈ፤ ሌላም አለፈ።

ሌንሳ ግባ አላለችውም። በሩን ዘጋች፤ ከውስጥም ቀረቀረችው።