ከድንኳኑ አጠገብ ያለው ማሳ

ሄዘር አልደርሰን የፍግ መበተኛውን ጋሪ ከትራክተሩ ጋር አያይዛ ሞተሩን ልታስነሳ ስትል ጎረቤቷ ጁሊያን በነጠላ ጫማው እየሮጠ መጣ። ጡረታ ወጥቶ ከለንደን የመጣ የቋንቋ መምህር ነው። ቅዳሜ ልጁን ይድራል፤ ድንኳኑ የተተከለውም ከሄዘር የሣር ማሳ ጥግ፣ ከድንጋይ ካቡ ማዶ ነው።

«ሄዘር፣ እባክሽ ይህን ቆሻሻ እስከ ሰኞ አቆይልኝ» አላት።

ማቆየቱ ቀላል አልነበረም። ከቅዳሜ ማታ ጀምሮ ዝናብ እንደሚገባ ተነግሯል። ማሳው ከራሰ ትራክተሩን ይውጠዋል፤ ፍግ ያላገኘ ሣር ደግሞ በበረዶው ወራት ለላሞቿ የሚበቃ ድርቆሽ አይወጣውም። ያንገበገባት ግን ቃሉ ነው።

«ቆሻሻ አይደለም፤ መክ ነው» አለችው። በዮርክሻየር ገበሬ አፍ መክ ማለት ከጭድ ጋር የበሰለ፣ መሬትን የሚመግብ እበት ነው።

«እኛ ከተማ መክ የምንለው ቆሻሻን ነው እኮ።»

«ከተማ ምን ያውቃል? እስቲ አንተ ምሁሩ ንገረኝ፤ መጀመሪያ ምን ማለት ነበር?»

ጁሊያን አንገቱን አከከ። ቃሉን ያመጡት ድሮ ከሰሜን ባሕር ማዶ በጀልባ መጥተው እዚህ የሰፈሩ ሰዎች እንደሆኑ፣ ያኔ የከብት እበት ማለት እንደነበር፣ ቆሻሻ የተባለው በኋላ እንደሆነ ሳይወድ በግዱ ነገራት።

«እንግዲያው ልክ የነበርነው እኛ ነን!» አለች፤ ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። እሱም ሳቀ።

የረታ ሰው ቸር ነው። ሌላውን ማሳ የዚያኑ ዕለት በትና ጨረሰች፤ ከድንኳኑ አጠገብ ያለውን ግን ተወችለት። ጁሊያን ከሠርጉ ማግስት እኔው ራሴ በመንሽ እበትነዋለሁ ብሎ ማለላት። አላመነችውም፤ የመምህር ወገብ ለመንሽ አይሆንም ብላ ድርቆሽ ከማን እንደምትገዛ ስታስብ ሰነበተች።

እሑድ ጠዋት ጁሊያን በዝናብ መጣ። ከኋላው ሙሽራዋ ልጁ ኢሞጀን ከነባሏ ተከትላለች፤ ሁለቱም የተዋሱትን ቦቲ ተጫምተዋል። መጀመሪያ ፍጉን አንድ ቦታ ከመሩት። ሄዘር ሣሩን ቀበራችሁት፣ መተንፈስ አለበት ብላ እያሳሳች መበተኑን አሳየቻቸው። ለምሳ ሲደርስ ጨርሰዋል፤ ሦስቱም እስከ ቅንድባቸው እበት ለብሰዋል። ሄዘር እንዲህ ደስ ካላት ቆይቷል።

ሻይ ጠጡ ብላ ወደ ቤቷ ወሰደቻቸው። በዚያ አገር የገበሬ ቤት የሚገባው በጓሮ በር ነው። የፊት በር የሚከፈተው ለሙሽራና ለሬሳ ብቻ ነው፤ የእሷም ባሏ ኔድ በሬሳ ሣጥን ከወጣበት ቀን ወዲህ አልተነካም።

ኢሞጀን ጓሮ በሩ ላይ ጎንበስ ብላ ቦቲዋን ማውለቅ ጀመረች።

«ተይው የኔ ልጅ፤ ሙሽራ በዚህ አይገባም» አለቻት ሄዘር።

መዶሻ ይዛ ወደ ፊት በር ሄደችና የዛገውን መቀርቀሪያ መታ መታ አድርጋ ከፈተችው።

«ግቢ፤ ከነቦቲሽ።»