ሳንጣላ የታረቅንበት እሑድ

እሑድ ጥር 26 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ፣ እኔንና ባለቤቴን ይትባረክን ሊያስታርቁ ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። አልተጣላንም ነበር።

ሽማግሌ የምላቸው ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ አቶ ወልደጻድቅ፣ ባቡር ጣቢያ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያናችን ሁሉም የሚሰማቸው ሰው ናቸው። ሌላዋ ሻሚስ ናት፣ ድሬ ሳቢያን ሰፈር ግቢ የምትጋራን ጎረቤታችን፣ ቀፊራ ገበያ ሽቲ የሚባለውን ስስ የቀሚስ ጨርቅ በሜትር የምትሸጥ። የላከቻቸው የይትባረክ እናት ናት። ሻሚስን የጨመረቻት፣ አቶ ወልደጻድቅ ብቻቸውን ከመጡ ስብከት ጀምረው ይመሻል ብላ ነው።

እኔ እማማ እላታለሁ። ስሟ ሰርካዲስ ነው። አንቺ የምላት ንቄያት አይደለም፤ ድሬ አድጌ እናቴንም አባቴንም አንቱ ብዬ አላውቅም። አንድ ቀን ሰው ፊት አንቱ ብያት “ምን አስቀየምኩሽ?” ብላኛለች።

በተጋባን በስድስተኛው ወር እማማን ስትሮክ መታት። ቀኝ ጎኗ ሙሉ በሙሉ ከዳት። ምላሷ ከሁሉም ቀድሞ ተመለሰ፤ እግሯ አልተመለሰም። ከሆስፒታል ሲያስወጡን ሐኪሙ፣ ተኝታ መዋል እንደሌለባት፣ በየጊዜው መገላበጥ፣ መቀመጥና ተደግፋ መቆም እንዳለባት ደጋግሞ ነገረን። ከተኛች ጀርባዋ ይቆስላል፣ ሳንባዋም ይታመማል አለ። በደንብ ከተያዘች በዓመቱ በራሷ ልትቆም ትችላለች አለ።

ይትባረክ ፋብሪካ ነው የሚሠራው፤ ጠዋት ወጥቶ ማታ ይገባል። እኔ ቤት ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ስለዚህ የማነሳት እኔ ነበርኩ። እማማ ደግሞ ወፍራም ሴት ነበረች። በብብቷ ስር እጆቼን አስገባለሁ፣ አገጯን ትከሻዬ ላይ ታደርጋለች፣ “አንድ፣ ሁለት” እላለሁ፤ በሦስት ፈንታ እሷ “ኢየሱስ!” ትላለች፣ ያኔ እንነሳለን። ወገቤ ሲንቋቋ ሰምታ “አንቺን ደግሞ ማን ያነሳሽ ይሆን?” ብላ ትስቅ ነበር።

ከዚያ በፊት አንድ ፅንስ ወርዶብኛል። ሦስት ወር አልሞላውም ነበር። ከይትባረክ በቀር ማንም አላወቀም፤ እማማም ገና አልታመመችም ነበር፣ ልንነግራት ቀን እየመረጥን ሳለ ነው የወረደው። ያከመችኝ ነርስ፣ ሁለተኛ ሳረግዝ ከባድ ነገር እንዳላነሳ አስጠንቅቃኝ ነበር። እማማ ስትታመም ይህን አስበን፣ እሷ እስክትቆም ልጅ እናቆይ አልን። ቄሳችን፣ አባታችን ዘንድ ሄደን ተማከርን። እሱም ምክንያታችሁ እውነተኛ እስከሆነ ድረስ መጠበቅ ኃጢአት አይደለም፣ መንገዱን ታውቃላችሁ አለን። መንገዱን ከሠርጋችን በፊት አንዲት መነኩሴ ሲስተር አስተምራናለች፤ መድኃኒት የለውም፣ ልጅ በሚያዝባቸው ቀናት ተለያይቶ መተኛት ነው።

በወረቀት ሲጻፍ ቀላል ነው። ጠባብ አልጋ ላይ ለሚተኙ፣ ተጋብተው ዓመት ላልሞላቸው ሰዎች ግን ቀላል አልነበረም። ይትባረክ ታጣፊ አልጋ ገዛ። እነዚያ ቀናት ሲመጡ ተሸክሞት ይወጣና ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ስር ይተኛል። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፤ እማማ የምትተኛው ሳሎን ነው፣ ሲወጣም ሲገባም በእሷ አልጋ አጠገብ ያልፋል።

በሙቀቱ ወራት ማንም ነገሬ አላለውም፤ ድሬ ግማሹ ሰው ውጭ ነው የሚተኛው። ኅዳር ሲገባ ግን ሌላው ሁሉ ብርድ ልብሱን ይዞ ወደ ቤት ሲመለስ፣ የእኔ ባል ብቻውን ኒሙ ስር ቀረ።

ለምን ለእማማ አልነገርናትም? ብናስረዳት ዳግመኛ አንሺኝ አትልም ብለን ፈራን። እናውቃታለን።

እናም ጠበቅን። ቤተ ክርስቲያን ሕፃን ክርስትና የሚነሳበት እሑድ ሲሆን ኋላ በሩ አጠገብ እቀመጣለሁ፣ ለቅሶ ከመጣ ቶሎ እንድወጣ፤ የሕፃኑን ለቅሶ ማለቴ አይደለም። “ፍቅር፣ ምነው ዘገየሽ?” ይሉኛል ሴቶቹ፣ ስሜን ጠርተው። “እግዜር ሲፈቅድ” እላለሁ። ያዘገየነው እኛ ነን፣ በእግዜር አሳበብኩ። ሻሚስ ደግሞ አራተኛ ልጇን አርግዛ ስትመጣ፣ “አቦ ምን ትጠብቂያለሽ? ወላሂ ባልሽንም በሜትር እየለካሽ ነው እንዴ?” አለችኝ። ሳቅኩ። ገብቼ ማሽኑን ያለ ክር ለረጅም ሰዓት ረገጥኩት፣ ድምፁ እንዲሸፍነኝ።

ሐኪሙ ያለው ዓመት አለፈ። እማማ አልቆመችም። ሁለተኛው ዓመት ተጀመረ። “እማማ እስክትቆም” እንል የነበረውን መናገር ተውን። አንድ ቀን እግሯን እያሸኋት ሳለ አንድ ነገር ገባኝ። ጥበቃችን የሚያልቅበት መንገድ ሁለት ብቻ ነው። አንዱ እንድትቆም ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅ ስጠኝ ብዬ መጸለይ አቃተኝ። ልጅ ስለምን የእሷን ሞት የለመንኩ እየመሰለኝ አፌን እይዛለሁ። እወዳት ነበር። ይህን የምጽፈው ማንም እንዲያምነኝ አይደለም።

እንግዲህ ሽማግሌዎቹ የመጡት በዚህ መሃል ነው።

እማማን በትራስ ደግፌ አስቀምጫታለሁ። እሷ ሰው ሊጠይቀኝ ይመጣል ብቻ ነው ያለችን። አቶ ወልደጻድቅ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጸለዩ፣ ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“ይትባረክ፣ እናትህ ደውላልኝ ነው። ትዳር ነው፤ አንዳንዴ ይጋጫል።”

“ማን ከማን ተጋጨ?”

“አቦ አትቀልድ!” አለች ሻሚስ። “ብርዱን ታቅፈህ ከኔ ድመት ጋር የምታድረው ለጤና ነው?”

“ይሞቀኛል።”

“በጥር! እኔ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ እግሬ አልሞቅ ብሏል፣ እሱ ይሞቀዋል።”

አቶ ወልደጻድቅ ሳይፈልጉ ፈገግ አሉ። እማማ አልሳቀችም።

“በየወሩ ነው” አለች። “ይወጣል፣ ይገባል፣ ደግሞ ይወጣል። እኔ የተመታው እግሬ ነው፣ ዓይኔ አይደለም።” ወደ እኔ ዞረች። “ፍቅር፣ በድሎሽ ከሆነ ተናገሪ። ልጄ ነው ብዬ አላደላም። አስከፍተሽው ከሆነም ተናገሪ። እኔ አንድ ልጅ ሳላይ ልሄድ ነው። የማየው ይሄ አልጋ ሲወጣና ሲገባ ብቻ ነው።”

ይትባረክ አየኝ። አፉን ሊከፍት እንደሆነ አውቄ ቀደምኩት።

“እኔ ነኝ” አልኩ። “እሱ ምንም አላጠፋም። አሁን ልጅ አልፈልግም፤ መውለድ ፈርቼ ነው።”

“አልፈልግም?” አሉ አቶ ወልደጻድቅ። ድምፃቸው አልከረረም፤ ቢከርር ይሻለኝ ነበር። “ልጄ፣ ይሄ ለእኛ ከባድ ቃል ነው። መሠዊያው ፊት፣ እግዚአብሔር የሚሰጣችሁን ልጆች በፍቅር ትቀበላላችሁ ወይ ተብላችሁ ተጠይቃችኋል። እኔ ሁለተኛው ወንበር ላይ ነበርኩ። ያንቺ መልስ ከሱ ይልቅ ጮክ ብሎ ተሰምቶኛል።”

“አውቃለሁ።”

“ታዲያ?”

እማማ አንገቷን ስትደፋ አየሁ። ያፈረችብኝ መሰለኝ።

“በቃ!” ብሎ ይትባረክ ተነሳ። “ተዉአት። ውሸቷን ነው።”

“ተቀመጥ፣ ይትባረክ” አልኩት።

“አልቀመጥም። እማ፣ አንቺን ስለምታነሳ ነው። አንድ ፅንስ ወርዶባታል፣ ሳትታመሚ በፊት። ሁለተኛው እንዳይወርድ ነው የምንጠብቀው። እስክትቆሚ።”

ውጭ አንድ ባጃጅ ጥሩምባውን እያስጮኸ አለፈ። ሻሚስ “ያ አላህ” አለችና ሆዷን በእጇ ያዘች። አቶ ወልደጻድቅ፣ “አባታችን ያውቃል?” ብለው ጠየቁ። ያውቃል አልናቸው። “እንግዲያው እኔ ምን እጨምራለሁ” ብለው ባርኔጣቸውን አዞሩት።

እማማ በደህናው እጇ የተመታውን እግሯን ነካ አደረገች።

“እስክቆም?” አለች።

“አዎ” አላት ይትባረክ።

“ባልቆምስ?”

ይትባረክ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

አቶ ወልደጻድቅ ለእርቅ መጥተው ያለ እርቅ መውጣት ከበዳቸው መሰለኝ፣ ተነሱና ተሳሳሙ አሉን። ማን ከማን እንደሚታረቅ ግልጽ አልነበረም። እኔና ይትባረክ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳምን፣ ከዚያ የእማማን ጉልበት ሳምን። እሷ በደህናው እጇ የሁለታችንንም ራስ ነካች። ሻሚስ እያለቀሰች፣ “እኔ አፌ አያርፍም” አለችኝ በሩ ላይ። “በሜትር ያልኩሽን ይቅር በይኝ።”

በማግስቱ ጠዋት ይትባረክ ሥራ ከሄደ በኋላ እንደወትሮው እጆቼን በብብቷ ስር አስገባሁ። “አንድ፣ ሁለት” አልኩ። “ኢየሱስ!” አላለችም። ደህናው እጇ የአልጋውን ብረት ጨብጧል።

“እማማ፣ ልቀቂው።”

“አንቺ ልቀቂኝ።”

“ጀርባሽ ይቆስላል እኮ!”

“ይትባረክ ማታ ሲመጣ ያነሳኛል።”

“እስከ ማታ?”

“እስከ ማታ። የት እሄዳለሁ ብለሽ ነው?”

ለመንኳት። ተቆጣኋት። ከስሯ ትራስ እየሰገሰግኩ ልገላብጣት ሞከርኩ፤ ክብደቷን ሁሉ ወደ ፍራሹ ጣለችው። ሻሚስ ለምሳ ከቀፊራ ስትመለስ እየገባች፣ “ኤዶ፣ ነይ ተነሺ፣ ብቻሽን የተኛሽበት ሆቴል ነው እንዴ?” እያለች ታነሳት ነበር፤ ኤዶ በሶማሊኛ አክስቴ ማለት ነው። እሷም ግን ሆዷ እየገፋ ሄደ፣ እማማም ያንን አይታ እሷንም ከለከለቻት። ሠራተኛ ፈልገን አንዷ ሁለት ሳምንት ቆይታ ሄደች። አባታችን ቁርባን ይዞ ሲመጣ፣ ራስን መጉዳት ልክ አይደለም፣ ምራትሽን እሺ በያት አላት። “አባ፣ እርስዎ ልጅ የለዎትም” አለችው። እሱን ብቻ ነበር አንቱ የምትለው።

ታጣፊውን አልጋ በእርቁ ሳምንት ራሷ አዝዛ ወደ ቤት አስገባችው። ይትባረክን “በሩን ዝጉ” ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በሩን ዘጋን። ግን አንነካካም ነበር። ግድግዳውን አልፎ የሚመጣውን አተነፋፈሷን እያዳመጥን፣ አንዱ የሌላውን እጅ ይዞ፣ እንተኛለን። እሷ በየጠዋቱ ፊቴን ታያለች። “እ?” ትለኛለች። “ምንም የለም” እላታለሁ። “አይዞሽ፣ እግዜር አይቸኩልም” ትለኛለች። እውነቱን ልነግራት አልቻልኩም። ያ ሁሉ ቀን ተኝታ የምትውለው ለከንቱ ነው ብዬ እንዴት ልንገራት?

መጋቢት ላይ ጀርባዋ ቆሰለ። ሚያዝያ ላይ ሳል ጀመራት። ሆስፒታል አስተኛናት፣ ተሻላት ብለው መለሱልን፣ ደግሞ ባሰባት። ግንቦት መጀመሪያ ላይ አንድ ቀን ጠዋት ላነሳት ስቀርብ እጇ ብረቱን መያዝ አቅቶት ነበር። ሞከረች፤ ጣቶቿ ተንሸራተቱ። አነሳኋት። በጣም ቀላል ነበረች። ትከሻዬ ላይ አገጯን አድርጋ፣ “እንዳይጎዳሽ” አለችኝ። እንደማልጎዳ ታውቅ ዘንድ “ምንም የለብኝም፣ እማማ” አልኳት። አልጎዳም ማለቴን ይሁን አላረገዝኩም ማለቴን፣ እንዴት አድርጋ እንደሰማችው አላውቅም። በሦስተኛው ቀን ሞተች።

ለቅሶው ላይ ሴቶች እጄን እየያዙ፣ “እሷም አረፈች፣ አንቺም አረፍሽ” አሉኝ። አንዷ በቀስታ፣ “አሁን ትወልጃለሽ” አለችኝ። ለማጽናናት ነው። ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ሻሚስ አራስ ልጇን ታቅፋ ተከትላኝ ገባች፣ ልጁን ወደ ሌላኛው ጎኗ አድርጋ እንዳላየው ከለለችው።

እስከ አርባዋ ድረስ ስለ ልጅ አልተነጋገርንም። የአርባዋ ቅዳሴ ቀን በደቻቱ ድልድይ ላይ ስንመለስ ይትባረክ ቆመና፣ “አሁን ብንወልድ በእሷ የገዛነው አይመስልሽም?” አለኝ። ይመስለኛል አልኩት። ለብዙ ጊዜ እዚያው ቆመን ነበር፣ ሰው እየገፋን ያልፋል። ከዚያ “እሷ ብትሰማን ትሰድበናለች” አለኝ። ይህንንም አዎ አልኩት።

ልጃችን የተወለደችው በቀጣዩ ዓመት ሐምሌ ላይ ነው። ይትባረክ ሥራ ላይ ነበር፤ በባጃጅ ሆስፒታል ያደረሰችኝ ሻሚስ ናት።