ከዘፈኑ በፊት ያለው ድምፅ

የአባቴ ኮምፒውተር የተበላሸው መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው። ዓለም ገና ውስጥ መብራት ሲመለስ እንደ ቡጢ ነው የሚመጣው፤ ፍሪጅ የተቃጠለበት፣ ቴሌቪዥን የተቃጠለበት ጎረቤት ሞልቷል። እኛ ዘንድ የሄደው የኮምፒውተሩ ሃርድ ዲስክ ነው። አዲስ አበባ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ባለሙያው ከፍቶ አየና ውስጡ ተቧጥጧል፣ ምንም አይወጣም አለኝ። ሌላ ቦታ ወሰድኩት፤ እዚያም ያንኑ ሰማሁ። ለእኔ ነገሩ አለቀ።

አባቴ ዘርሁን የሙዚቃ መጫኛ ሱቅ አለው። ደንበኛ ፍላሽ ወይም ሚሞሪ ካርድ ይዞ ይመጣል፣ እሱ ዘፈንና መዝሙር ይጭንለታል። ሰው ሁሉ ከስልኩ በሚያዳምጥበት ዘመን ይህ ሥራ እስካሁን መኖሩ ይገርመኛል፤ ግን የባጃጅ ሾፌሮች አሉ፣ ኢንተርኔት የሚወደድባቸው የፋብሪካ ሠራተኞች አሉ። እሱ ደግሞ ሌላ ሥራ አያውቅም።

ስለዚህ መፍትሔ ፈለግሁ። ሐዋሳ ስታትስቲክስ ነው የተማርኩት፤ የጠፋ ዳታ ሌላ ቦታ እስካለ ድረስ አልጠፋም ብዬ አምናለሁ። አዲስ ሃርድ ዲስክ ገዛሁ፣ ከቴሌግራም እያወረድኩ ከጠፋው የሚበልጥ ዘፈን ሰበሰብኩ፣ በዘፋኝ ስም ደርድሬ ሱቁ ድረስ ወስጄ ሰካሁለት። መነጽሩን አደረገና የመጀመሪያውን ከፈተ። ጥቂት ሰማና አቆመው። ሁለተኛውን ከፈተ፣ አቆመው። ሦስተኛውንም እንዲሁ።

«ይኼ አይደለም» አለ።

«አባዬ፣ ያው ዘፈን ነው። እንዲያውም ጥራቱ ይሻላል።»

«ይሻላል» አለና ቀጣዩን ከፈተ።

«ምን ጎደለው? ንገረኝና ልፈልገው። ወደ ሥራ መመለስ አለብኝ።»

«መጀመሪያው ባዶ ነው።»

የገባኝ ያኔ ነው።

ሙዚቃ ጫኞች እያንዳንዱ ዘፈን መጀመሪያ ላይ የሱቃቸውን ማስታወቂያ ይለጥፋሉ። የእኛን የተናገረችው እናቴ ብርሃነሽ ናት። አንድ ቀን ሱቅ ምሳ ልታደርስ መጥታ፣ አባቴ ማይክ ሰጥቷት፣ «ዓለም ገና፣ ዘርሁን ሙዚቃ ቤት፤ ኑ፣ እንጫንላችሁ!» አለች። አንዴ ነው ያለችው። አባቴ ያንን እየገለበጠ ባለው ዘፈን ሁሉ ላይ ለጠፈው። እኔ ያደግሁት ያንን እየሰማሁ ነው፤ ሰፈር ውስጥ ልጆች ሲያናድዱኝ «ኑ፣ እንጫንላችሁ!» ይሉኝ ነበር።

እናቴ የሞተችው ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ነው። ስልኳ መደወልና መቀበል ብቻ ነበር የሚችለው፤ ድምፅ አይቀዳም። የሠርጋቸው ቪዲዮ አለ፤ አንሺዎቹ ግን ከዳር እስከ ዳር ዘፈን ጭነውበታል። አፏ ሲንቀሳቀስ ይታያል፣ የሚሰማው ዘፋኙ ነው። አባቴ ድምፅዋን ለብቻው አውጥቶ የትም አላስቀመጠም። ለምን ያስቀምጣል? የትኛውንም ዘፈን ሲከፍት እሷ ነበረች።

መጀመሪያ የሄድነው ባጃጅ ተራ ነው። ጃለታ የሚባል ሾፌር ከአባቴ ጋር ለዓመታት ደንበኛ ነው፤ የሱ ፍላሽ ላይ አይጠፋም ብለን ነበር።

«ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት?» አለ ጃለታ። «ቆረጥኩት።»

«ምኑን?»

«ያቺን ‘ኑ እንጫንላችሁ’ የምትለውን። በስልክ መቁረጫ አለ። ሰው ይስቅብኛላ! ‘ምኑን ነው የምትጭኑት፣ ጤፍ ነው?’ እያሉ።»

«እናቴ ናት» አልኩት።

ጃለታ መሪውን ለቀቀ። «አንቺ! አላወቅኩም እኮ! ጋሼ፣ ይማሩኝ፣ ከኮምፒውተሩ ጋር የመጣች መስሎኝ ነው።»

«ምንም አይደል» አለ አባቴ።

ጃለታ እንደ መካስ ብሎ ሌሎቹን ሾፌሮች እየዞረ ጠየቀልን። አንዱ ፍላሹ ጠፍቶበታል፣ አንዱ ለወንድሙ ሰጥቶታል፣ አብዛኞቹ በብሉቱዝ ከስልክ ነው የሚያጫውቱት። በመጨረሻ ጃለታ ራሱን እያከከ፣ «ቡራዩ ኢቲቻ ጋ ለምን አትሞክሩም?» አለ። «የእናንተን ሙሉውን ገልብጦ አይደል ሱቅ የከፈተው? ጋሼ አያውቁም እንዴ?»

«አውቃለሁ» አለ አባቴ።

በማግስቱ ሐሙስ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወሰድኩ። በአየር ጤና፣ ከዚያ በአስኮ በኩል ቡራዩ ደረስን። እኔ በየታክሲው ሰልፍ ስለ ሰልፉ፣ ስለ ረዳቱ፣ ስለ መንገዱ ስነጫነጭ ነበር። የአባቴን ልብስ አይቼ ተውኩት። የእሑድ ኮቱን ለብሷል።

የኢቲቻ ሱቅ ቻርጀርና የስልክ ሽፋን ነው የሚበዛው፤ ኮምፒውተሩ ጥግ ላይ ተገፍቷል። ኢቲቻ ትከሻው ሰፊ፣ ሲናገር መንገድ ማዶ የሚሰማ ሰው ነው። አባቴን ሲያይ ከወንበሩ ተነሳ።

«አካም ጅርቱ ኦቦ ዘርሁን! ሊያሳስሩኝ መጡ?»

«ማሳሰርስ ነበረብኝ፤ አረፈድኩ እንጂ» አለ አባቴ፣ እጁን እየዘረጋ።

ነገሩን እኔ ነገርኩት፣ ባጭሩ። ኢቲቻ ሳቁን አቆመ። ኮምፒውተሩን ከፍቶ አባቴን አስቀመጠውና የጆሮ ማዳመጫ አቀበለው። የአባቴ ስብስብ እዚያ ነበር፤ እሱ በሰየመው ስም፣ እሱ በተሳሳተው የፊደል ስህተት ሳይቀር። እኔም አንዱን ጫፍ ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። አባቴ አንዱን ዘፈን ነካ።

የመኪና ጡሩምባ ጮኸ። ከዚያ ኢቲቻ፣ ጉሮሮው እስኪቀደድ፣ «ኢቲቻ ነው! ቡራዩ! ኢቲቻ ነው!» አለ። ከዚያ ዘፈኑ ገባ።

አባቴ ሌላ ከፈተ። ጡሩምባ፣ ኢቲቻ፣ ዘፈን። ድምፁን ጨመረና ዓይኑን ጨፈነ። «ከሥር አለች» አለ። «በላይዋ ጮኸባት እንጂ አለች።»

ኢቲቻ ክንዴን ነካ አድርጎ ወደ በሩ ወሰደኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እህቴ፣ ከሥር ምንም የለም። መጀመሪያውን ቆርጬ አውጥቼ ነው የኔን የተካሁት።»

«ሳትቆርጠው በፊት የነበረውስ?»

«ቦታ ያዘብኝና አጠፋሁት። ከኔ የወሰዱትም ቢሆኑ፣ እስከ ሱሉልታ ድረስ ሚኒባሱ ሁሉ የሚያጫውተው ይኼንኑ ነው። አትንገሪያቸው። ይዘውት ይሂዱ፣ በነፃ እሰጣቸዋለሁ። ከሰሟት ምን ቸገረሽ?»

አሰብኩበት። ሰውየው ክፉ አልነበረም። ግን አባቴ በቀረው ዕድሜው የኢቲቻን ጩኸት ጆሮው ላይ አስሮ ሚስቱን ሲፈልግ ታየኝ። ገባሁና ማዳመጫውን ከጆሮው አወረድኩ።

«አባዬ፣ ከሥር የለችም። ቆርጦ ነው የተካው።»

አባቴ ወደ ኢቲቻ ዞረ። ኢቲቻ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

ይጮህበታል ብዬ ጠበቅሁ። አባቴ የማዳመጫውን ገመድ በዝግታ ጠቀለለና፣ «ስትቆርጥ ሰምተሃታል?» አለው።

«አንድ በአንድ ነው የቆረጥኩት፤ እንዴት አልሰማትም? በሕልሜ ሁሉ ትመጣ ነበር።»

«እንዴት ነበር የምትለው?»

ኢቲቻ አፈረ። ወደ እኔ አየ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና ያንን ትልቅ ድምፁን አቅጥኖ፣ «ዓለም ገና፣ ዘርሁን ሙዚቃ ቤት፤ ኑ፣ እንጫንላችሁ!» አለ። ቻርጀር ሊገዛ የገባ ሰውዬ ሳቀ። እኔም በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

አባቴ አልሳቀም። «‘ኑ’ን ትጎትተዋለች» አለው።

«ኑዉ፣ እንጫንላችሁ!»

«አዎ። ከዚያ ትንፋሽ ትወስዳለች።»

«ልክ ነዎት፣ ትወስዳለች!» ኢቲቻ ደገመው። ሁለት ሽማግሌ ለመሆን ጥቂት የቀራቸው ወንዶች ጎን ለጎን ተቀምጠው የእናቴን ንግግር እየተራረሙ ያሉት ቡራዩ ውስጥ፣ የስልክ ሽፋን በተንጠለጠለበት ሱቅ ነው። ባለ ቻርጀሩ ሰውዬ ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ገብቶት ሳቁን ትቷል።

አባቴ ድንገት ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ በይው እስቲ።»

«እኔ?»

«ልጇ አይደለሽ?»

አልኩት። እንደ ዜና አንባቢ ነው የወጣልኝ።

«ቀስ ብለሽ።»

ቀስ ብዬ አልኩት። እናቴ ሆሳዕና ነው ያደገችው፤ አማርኛዋ የዚያ አገር ለዛ ነበረው። እኔ ዓለም ገና ተወልጄ የአዲስ አበባ ልጅ መምሰል ነው የለመድኩት። በሦስተኛው ‘ኑ’ን ጎተትኩት፣ ትንፋሽ ወሰድኩ፣ አነጋገሯን ለመያዝ ሞከርኩ። ለራሴ ጆሮ እንኳ የሰማሁት ማሽሟጠጥ ነበር፤ ሰፈር ውስጥ ልጆች ያናድዱኝ የነበረውን ድምፅ ነው ያወጣሁት።

አባቴ ፊቴን አየ። የሚፈልገው ነገር እዚያ ይኖር እንደሆነ ረጅም ጊዜ አየኝ።

«ተይው፣ ኤዱ» አለ። «ያንቺ ሌላ ነው።»

ኢቲቻ ስብስቡን በፍላሽ ልስጥዎት ብሎ ለመነው። አባቴ አመስግኖት ወጣ።

የመልሱ ታክሲ ውስጥ መስኮቱ ጋ ተቀመጠ። አስኮን ካለፍን በኋላ፣ «እናትሽ ስትሞት፣ ድንኳኑ በተነሳ ማግስት ሱቅ ከፈትኩ» አለኝ። «ሰው ታዘበኝ። አንቺም ታዝበሽኝ ነበር።»

«ታዝቤህ ነበር።»

«እዚያ ነበረቻ።»

ማጽናናት አልችልበትም፤ የምችለው ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ መጠየቅ ነው። «ነገ ትከፍታለህ?» አልኩት።

«ነገማ እሑድ ነው» አለ፣ ፊቱን ከመስኮቱ ሳይመልስ።

ነገ ዓርብ ነበር። አላረምኩትም።